አገራችንን ሳያይ «አይዳ»ን የደረሰው ጁዜፔ ቬርዲ

ባለፈው ወር በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ መምህራችን አንድ የጥሩምባ ሰልፍ ዜማ አሰሙን። ዜማውን ብዙዎቻችን በምርቃትና በስፖርት በዓል ላይ ሰምተነው ስለነበር ገና ሲጀምር አወቅነው። የኋላ ወንበር ሰዎች ጠረጴዛ እየመቱ አጀቡት፤ እኛም ከሌላው ጋር አጨበጨብን። ሲያበቃ መምህራችን ፈገግ ብለው ለምን እንዳጨበጨብን ጠየቁን። መልስ የሰጠ የለም። ለካስ ያ ጥሩምባ የሚነፋው የግብፅ ጦር ኢትዮጵያን ድል አድርጎ ሲመለስ ኖሯል! ከጥሩምባው ቀጥሎ ታስረው የሚገቡት ምርኮኞች የእኛው ሰዎች ናቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ይህን የምንጽፈው አራት ሠልጣኞች የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ልጆች ነን። በዚያ ሰሞን በመኝታ ቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም። አንዳችን ደራሲው ሰድቦናል ብሎ ተቆጣ፤ ሌላው ሳያውቀን ነው ብሎ ተከራከረ፤ ሦስተኛው ደግሞ ኧረ መጀመሪያ ሰውዬውን እንወቀው ብሎ አስታረቀ። የሚከተለው ፈልገን ያገኘነው ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የጻፍናቸውን ዓ.ም. ብለን ለይተናቸዋል።

ጁዜፔ ቬርዲ በኦክቶበር 1813 በሰሜን ኢጣሊያ ሮንኮሌ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። በዚያን ጊዜ ኢጣሊያ የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። ምድሩ በየመስፍኑና በየባዕድ ገዢው ተቆራርሶ ነበር። ሮንኮሌም በናፖሊዮን ፈረንሳይ እጅ ስለነበረች የልደቱ መዝገብ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። የጣሊያኖች ኩራት የሆነው ሰው ዮሴፍ የሚለውን ስሙን በመጀመሪያ ያገኘው በባዕድ ቋንቋ ነው ማለት ነው። አባቱ ካርሎ መንገደኛ የሚያርፍበት መሸታ ቤትና ትንሽ ሱቅ ነበረው፤ እናቱ ፈታይ ነበረች።

ልጁ ሙዚቃ ሲሰማ ሌላውን ሁሉ ይረሳ ነበርና አባቱ እንደ አቅሙ ስፒኔት የምትባል አሮጌ ትንሽ ፒያኖ ገዛለት። መሣሪያዋ ተበላሽታ ስለነበር ካቫሌቲ የተባለ ጠጋኝ መጥቶ አደሳት። የእጁን ዋጋ ግን አልተቀበለም። ልጁ ለመማር ያለውን ፍላጎት አይቶ በነጻ እንደሠራት እዚያው መሣሪያዋ ውስጥ ጽፎ ሄደ። ይህ በ1821 ነበር። ስፒኔቷ ዛሬ በሚላኖ በላ ስካላ ቴአትር ቤተ መዘክር ትገኛለች። ያ ጠጋኝ ባይጽፍ ኖሮ ስሙን ማን ያነሣው ነበር?

የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ባይስትሮኪ የመጀመሪያው አስተማሪው ሆነ። ሽማግሌው ሲሞት ልጁ ገና ሳያድግ ተተካ። በ10 ዓመቱ ግድም ለትምህርት ወደ ቡሴቶ ከተማ ተላከ፤ እሑድ እሑድ ግን 5 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ እየሄደ የመንደሩን ኦርጋን ይመታ ነበር። ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ ሳቀ። እሱ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ማሽላ ማሳ መሐል ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ እየጠበቀ ያደገ ነው። ለእሱ 5 ኪሎ ሜትር መንገድ ተብሎ አይቆጠርም። በአውሮፓ ክረምት በበረዶ መሆኑን ስንነግረው ግን ሳቁን ተወ። እኛ የሮቢት ሰዎች ሙቀቱን እንጂ ብርዱን የት እናውቀዋለን።

በቡሴቶ ሁለት ሰዎች ያዙት። አንደኛው ፕሮቬዚ ሙዚቃ አስተማረው። ሁለተኛው ባሬዚ የሚባል የሸቀጥ ነጋዴ ሲሆን ሙዚቃ ከነፍሱ የሚወድ፣ የከተማውን የሙዚቃ ማኅበር በቤቱ የሚሰበስብ ሰው ነበር። ባሬዚ ልጁን እንደ ልጁ አድርጎ ቤቱ አስገባው። ቬርዲ 18 ዓመት ሲሆነውም በዚሁ ሰው እርዳታ ሚላኖ ሄዶ በታላቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈተነ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ እኛን አስተማሪ ልንሆን የተዘጋጀነውን ይመለከታልና። ትምህርት ቤቱ አልቀበለውም። ዕድሜው ከተወሰነው አልፏል ተባለ። ሚላኖ በኦስትሪያ ግዛት ሥር ስለነበረች የፓርማ ሰው የሆነው ቬርዲ እንደ ውጭ አገር ዜጋ ተቆጠረ። ከዚያም በላይ ፈታኙ የፒያኖ አመታቱን፣ የእጁን አያያዝ፣ አልወደደውም። ነገሩ በሕግም ሲታይ ሐሰት የለበትም፤ ዕድሜው አልፏል፣ እጁም በገጠር ኦርጋን የተገራ እጅ ነው። ቬርዲ ግን ያችን ቀን እስኪሞት አልረሳትም። ዛሬ ያ ትምህርት ቤት የሚጠራው በእሱ በራሱ ስም ነው።

ባሬዚ ተስፋ አልቆረጠም። በላ ስካላ ቴአትር ይሠራ የነበረ ላቪኛ የተባለ መምህር በግል እንዲያስተምረው ገንዘቡን ከኪሱ ከፈለ። ከዚህ በኋላ ቬርዲ ወደ ቡሴቶ ተመልሶ በ1836 የከተማው የሙዚቃ መምህር ሆነ። አዎን፣ ይህ ሰው ደመወዝተኛ አስተማሪ ነበር! በዚያው ዓመት የባሬዚን ልጅ ማርጌሪታን አገባ። በመምህርነቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሁለት ዓመት ያህል አስተምሮ ለቀቀ። ልቡ ቴአትር ቤት ነበር።

ለማያውቁ አንባቢዎቻችን፣ ኦፔራ ማለት ተዋንያኑ የሚነጋገሩትን በዜማ የሚሉበት ቴአትር ነው። ጸቡም እርቁም በዜማ፣ ሞቱም በዜማ ነው። መጀመሪያ ስንሰማው ጩኸት መሰለን፤ አልዋሸንም። ታሪኩን ካወቁ በኋላ ግን ጆሮ ይለምደዋል።

የመጀመሪያ ኦፔራው በኖቬምበር 1839 በላ ስካላ ታየ፤ ተወደደም። ቤቱ ግን በዚያው ጊዜ እየፈረሰ ነበር። ሴት ልጁ በ1838፣ ወንድ ልጁ በ1839 ሞቱ፤ ሁለቱም ገና ሕፃናት ነበሩ። በጁን 1840 ደግሞ ሚስቱ ማርጌሪታ ሞተች። በሁለት ዓመት ውስጥ ቤቱ ባዶ ሆነ። በዚህ ኀዘን ላይ እያለ ውል ነበረበትና የሚያስቅ ኦፔራ መጻፍ ግድ ሆነበት። በሴፕቴምበር 1840 ታየና ሕዝቡ በፉጨት አባረረው። ቬርዲ ከእንግዲህ አልጽፍም ብሎ ነበር። ያነሣው የናቡከደነፆርና በባቢሎን ወንዝ ዳር ያለቀሱት ምርኮኞች ታሪክ ነው፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። «ናቡኮ» በማርች 1842 ሲታይ የምርኮኞቹ የኅብረት ዜማ በባዕድ ገዢ ሥር ላሉት ጣሊያኖች ልብ ቅርብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስሙ ወጣ። «ሪጎሌቶ»፣ «ትሮቫቶሬ»፣ «ትራቪያታ» ተከታትለው በ1851 እና በ1853 መጡ። በ1861 ኢጣሊያ አንድ ስትሆን በመጀመሪያው ፓርላማ ተመራጭ ሆኖ ገባ። በናቡኮ የዘፈነችውን ጁዜፒና ስትሬፖኒን በ1859 አግብቶ ሳንታጋታ በሚባል እርሻው ይኖር ነበር፤ ገበሬነቱንም እንደ ክብር ያየው ነበር።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ። በ1869 የስዌዝ ቦይ ተከፈተ። የግብፁ ገዢ ኬዲቭ ኢስማኤል ካይሮን እንደ ፓሪስ ለማድረግ የተመኘ ሰው ስለነበር ትልቅ የኦፔራ ቤት አሠርቶ በዚያው ዓመት በኖቬምበር በቬርዲ «ሪጎሌቶ» አስመረቀው። ለበዓሉ አዲስ መዝሙር እንዲጽፍለትም ቬርዲን አስጠይቆት ነበር፤ ቬርዲ እንዲህ ያለ የበዓል ሥራ አልሠራም ብሎ መለሰው። ኢስማኤል ግን አልተወውም። በካይሮ የጥንት ቅርሶች ኃላፊ የነበረው ፈረንሳዊው ማሪዬት አንድ ታሪክ ጻፈ። ታሪኩ በፓሪስ ወዳጆች በኩል በ1870 ለቬርዲ ደረሰው፤ ወደደውም። ዋጋውን 150,000 ፍራንክ ብሎ ቆረጠ፤ ኢስማኤልም እሺ አለ። ጊስላንዞኒ የተባለ ገጣሚ ግጥሙን በጣሊያንኛ አዘጋጀ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ በጦርነት ተማርካ የግብፅ ንጉሥ ልጅ የአምኔሪስ ገረድ ሆናለች። ማንነቷን ግን ማንም አያውቅም። ራዳሜስ የሚባለውን የግብፅ ጦር አዛዥ ትወዳለች፤ አምኔሪስም ትወደዋለች። ራዳሜስ ኢትዮጵያን ወግቶ ድል አድርጎ ይመለሳል፤ ያ የጥሩምባ ሰልፍ እዚህ ላይ ነው። ከምርኮኞቹ መካከል ንጉሥነቱን የሸሸገ አንድ ሰው አለ፤ የአይዳ አባት አሞናስሮ ነው። ሌሊት በዓባይ ዳር አባትየው ልጁን ያዛታል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የግብፅ ጦር በየትኛው መንገድ እንደሚዘምት ከወዳጇ አፍ እንድታወጣ። እሷ እንቢ ትላለች፤ የወገኖቿን ደም፣ የተቃጠለውን መንደር ያነሣባታል። መጨረሻ ላይ ትጠይቀዋለች፤ ራዳሜስም መንገዱን ይናገራል። በዚህ ጥፋቱ ከነሕይወቱ በድንጋይ መቃብር ይዘጋበታል። ጨለማው ውስጥ አይዳን ያገኛታል፤ ቀድማው ገብታ ተደብቃ ኖሯል።

እኛን ያከራከረን ይኼ ነው። የጥሩምባው ሰልፍ ለግብፅ ነው፤ ሕመሙና እንባው ግን ያለው አይዳ ላይ ነው። የተመልካቹ ልብ የሚሄደው ከምርኮኛዋ ጋር ነው እንጂ ከድል አድራጊው ጋር አይደለም። ናቡኮን የጻፈ ሰው ምርኮኛን በደህና ያውቀዋል ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በኦፔራው ውስጥ መለከታችንም፣ እምቢልታችንም፣ በገናችንም አይሰሙም። ለግብፆቹ ሰልፍ ረጃጅም ቀጥ ያሉ ጥሩምባዎች በልዩ ትእዛዝ ተሠርተዋል። ለእኛ ግን ስማችን ብቻ ነው የገባው። ስሙም ቢሆን ማሪዬት እንደሚያውቀው የጥንት ኢትዮጵያ ነው፤ ይኸውም ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከአስዋን በስተ ደቡብ ያለው የኩሽ አገር ነው። ራዳሜስ የተናገረው የናፓታ መንገድ ዛሬ በሱዳን ምድር ይገኛል። ቬርዲ እኛ አገር አልመጣም፤ ካይሮንም አላየም።

ኦፔራው በጃንዋሪ 1871 እንዲታይ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ፈረንሳይና ፕሩሲያ ተዋጉና ፓሪስ ተከበበች፤ ልብሱና የመድረኩ ዕቃ ከማሪዬት ጋር እዚያው ተዘጋበት። ቬርዲ ከተከፈለው ቀብድ 2,000 ፍራንክ ለቆሰሉት የፈረንሳይ ወታደሮች እንዲሰጥ አደረገ። በመጨረሻ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 «አይዳ» በካይሮ ታየ። ደራሲው በቦታው አልነበረም። እሱ ያሰበው በፌብሩዋሪ 1872 በላ ስካላ ለሚታየው ነበር። በዚያው ዓመት አንድ የሬጆ ሰው ፓርማ ድረስ ሁለት ጊዜ በባቡር ሄዶ ኦፔራውን አይቶ አልወደደውም፤ የመግቢያውን፣ የባቡሩንና የራቱን ገንዘብ እንዲመልስለት ለቬርዲ ጻፈለት። ቬርዲም ሳቀና የጠየቀውን እንዲከፍሉት አዘዘ። ራቱን ግን አልከፍልም አለ፤ ሰውዬው ቤቱም ቢሆን ራት መብላቱ አይቀርምና። ዳግመኛ የእሱን አዲስ ኦፔራ ላያይ ፈርሞ ገንዘቡን ወሰደ።

ቬርዲ እንዲህ ሲስቅ ኢስማኤል ሌላ ነገር እያሰበ ነበር። አይዳ በታየ በአራተኛው ዓመት፣ በ1868 ዓ.ም.፣ የእውነተኛው የግብፅ ጦር በእውነተኛይቱ ኢትዮጵያ ላይ ዘመተ። በሰሜን በኩል አሬንድሩፕ የሚባል ዴንማርካዊ መኮንን እየመራ የመጣውን ጦር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በኅዳር ወር ጉንደት ላይ ደመሰሱት። ትልቁ ጦር ቂሙን ሊወጣ ሲመጣ ደግሞ በየካቲት መጨረሻ ጉራዕ ላይ ተመታ። ሐረርን ግን ግብፆች ያዟት፤ 10 ዓመት ያህልም ቆዩባት።

ሌላው መንገድ ወደ እኛ ነበር። ከታጁራ የሚነሣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በይፋት ቆላ በኩል ወደ አልዩ አምባ ገበያና ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። አያቶቻችን አሞሌ ጨውና ግመል ሲያወሩ የሚሉት ይህንኑ ነው። ኢስማኤል ሙንዚንገር የተባለውን ስዊዛዊ ሹሙን ጦር አስይዞ ከታጁራ በኩል ላከው፤ አሳቡ ሸዋ ደርሶ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በዐፄ ዮሐንስ ላይ ለመዋዋል ነበር። ሙንዚንገር አውሳ አካባቢ እንደደረሰ በኅዳር ወር ሌሊት አፋሮች ከበው ገደሉት፤ ከጦሩም ብዙው አለቀ። ስለዚህ የግብፅ ጦር ይፋትን አላየም። በቴአትሩ የኢትዮጵያው ንጉሥ የጠላቱን መንገድ ለማወቅ የገዛ ልጁን አስለቀሰ፤ በእውነቱ ታሪክ ግን መንገዱን የሚያውቁት የበረሃው ሰዎች ነበሩ።

በዚያው በኖቬምበር 1875 ኢስማኤል ዕዳ ስለበዛበት የስዌዝን ቦይ ድርሻውን ለእንግሊዝ ሸጠ። በ1879 ከሥልጣን ተሻረ። ጥሩምባው ለእሱ አልተነፋም።

ታዲያ ቬርዲ ስለዚህ ሁሉ ምን አለ? ስለ ኢስማኤል ጦርነት የተናገረውን አላገኘንም። ብዙም ሳይቆይ ግን ተራው የገዛ አገሩ ሆነ። ጣሊያኖች በ1885 ምጽዋን ያዙ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ 500 ያህል ወታደሮቻቸውን ደመሰሱ። ኢጣሊያ ገና በለቅሶ ላይ ሳለች፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን፣ ቬርዲ «ኦቴሎ»ን በላ ስካላ አሳየ፤ ዋናው ሰው ደግሞ አፍሪካዊ ነው! በ73 ዓመቱ የጻፈው ነው። የመጨረሻውን «ፋልስታፍ»ን በ1893 ሲያሳይ 80 ሊሞላው ወራት ቀርተውት ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ሆነ። ቬርዲ ያን ጊዜ የ82 ዓመት ሽማግሌ፣ የመንግሥቱም ሴናተር ነበር። ቤቱ ይመላለስ የነበረ ኢታሎ ፒዚ የሚባል የምሥራቅ ቋንቋዎች ምሁር ከሞቱ በኋላ ባወጣው ማስታወሻ እንደተረከው፣ ሽማግሌው ስለ አፍሪካው ዘመቻ ሲነሣ አገሩ እዚያ የጨቋኝ ሥራ እየሠራች መሆኗን፣ ጥፋቱም የራሷ መሆኑን፣ ዋጋውንም እንደምትከፍል ተናግሯል። ሥልጣኔ እናደርስላቸዋለን በሚሉት ላይም አፌዘ፤ ይህ ሁሉ መከራ ያለበት ሥልጣኔያችን ምኑ ይመሰገናል የሚል ነበር ነገሩ። ልጅነቱን በባዕድ መዝገብና በባዕድ ገዢ ሥር ያሳለፈ ሰው ነው። ይህን ስናነብ ያ ሰደበን ያለው ጓደኛችን ዝም አለ። ሆኖም ሙሉ በሙሉ አልተረታም። ቬርዲ ይህን ያለው በአደባባይ አይደለም፤ በቤቱ ነው። በሴናቱ ወንበር ላይ ሆኖ ቢናገረው ኖሮ ምን ነበረበት ይላል ጓደኛችን። እኛም መልስ አጣንለት።

በእርጅናው ልቡ የነበረው በሌላ ሥራ ላይ ነው። በሚላኖ ጧሪ ላጡ ሽማግሌ ዘፋኞችና ሙዚቀኞች መኖሪያ የሚሆን ትልቅ ቤት በገዛ ገንዘቡ አሠራ፤ የሥራዎቹን ገቢም ተወለት። ከኦፔራዎቹ ሁሉ ይህን ያስበልጥ ነበር ይባላል። ጃንዋሪ 27 ቀን 1901 በሚላኖ ሞተ። ቀብሩ ያለ ሙዚቃ ቀለል ብሎ እንዲፈጸም ተናዝዞ ነበርና እንደዚያው ሆነ። ከአንድ ወር በኋላ ግን አፅሙ ከሚስቱ ጋር ወደዚያ የሽማግሌዎች ቤት ሲዛወር የከተማው ሕዝብ መንገዱን ሞላው። ቶስካኒኒ እየመራ በመቶ የሚቆጠሩ ዘፋኞች የናቡኮን ምርኮኞች ዜማ አዜሙ። አይዳ የታየበት የካይሮ ኦፔራ ቤት ደግሞ በኦክቶበር 1971፣ አይዳ ከታየ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ተቃጥሎ ወደመ፤ ቦታው ላይ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ተሠራበት።

የአይዳን ሦስተኛ ክፍል፣ አባትና ልጅ በዓባይ ዳር የሚነጋገሩበትን፣ በአንዳችን ስልክ ላይ ጭነነዋል። መስማት የሚፈልግ ሐሙስ ከራት በኋላ የክበቡ ክፍል ይምጣ። ጥሩምባው የለበትም።